«ጉተታ» ወይስ «ስበት»?

ጥያቄ፦ ደብረ ማርቆስ የሙያ አስተማሪ ነኝ። የመስታወት ቃጫ ሙጫ ውስጥ ተነክሮ፣ በጋለ ብረት ውስጥ አልፎ፣ ጠንካራ ዘንግ ሆኖ የሚወጣበትን «ፑልትሩዥን» ለተማሪዎቼ «ጉተታ» እያልኩ አስረዳለሁ። ባልደረባዬ «ስበት» በል ይለኛል። የቱ ይሻላል?

መልስ፦ ባልደረባዎ ወደ እውነቱ ቀርበዋል። ጉተታን እኔ አልቀበለውም፤ ነገሩ ለዓመታት ሲከነክነኝ የኖረ ነውና ምክንያቴን ዘርዘር ላድርገው።

ክሩ ከጥቅሎቹ እየተተረተረ ይመጣል፣ ፈሳሽ ሙጫ ውስጥ ይነከራል፣ ትርፉ ይጨመቃል፤ ከዚያ ሠራተኞቹ «ዳይ» በሚሉት፣ ብዙ ጊዜ ከ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሚግል የብረት ቅርጽ ማውጫ ያልፋል። ርሶ የገባው እዚያው ጠጥሮ፣ የቀዳዳውን መልክ ይዞ ይወጣል። ከማዶ ያለማቋረጥ የሚስብ ማሽን አለ፤ ቀጥሎ መጋዝ በልኩ ይቆርጠዋል። ኃይሉ ከፊት ነው። የአሉሚኒየም የመስኮት ፍሬም ከኋላ ተገፍቶ ይወጣል፤ ክር ግን አይገፋም። መርፌ ላይ ክር ያስገባ ሁሉ ጫፉን አሹሎ ከወዲያ ይስበዋል።

ፈረንጁ ራሱ ስም ሲያወጣ ተደነቃቅፏል። «ፑል» መሳብ ነው፤ «ትሩዥን» ከ«ኤክስትሩዥን» ተቆርጦ የተቀጠለ፣ ሥሩም የላቲኑ «ትሩዴሬ»፣ መግፋት ነው። ቃሉ በአንድ አፍ ሳብም ግፋም ይላል። «ዓለም የተስማማበት ነው፣ እንዳለ እንውሰደው» ለሚሉት መልሴ አጭር ነው፤ ጥርት ያለ ግስ እያለን የሰው ግድፈት ለምን እንዋሳለን?

ግሱ ሳበ ነው። ቅኔ ቤት ግስ ሲወርድ «ሰሐበ ብሂል ሳበ» ይባላል። መካከሉ ላይ ያለው ሐ ሲወድቅ ሰ ራብዕ ሆነ፤ ለአከ ላከ፣ መሐረ ማረ እንደሆኑት ሁሉ። የሰዋስዉ ተሳቢ፣ የከባድ መኪናው ተሳቢ፣ የጠረጴዛው መሳቢያ፣ የግእዙ ሳቢ ዘር ከዚሁ የተወለዱ ናቸው። ጎተተ ሌላ ነው። እዚህ ጎጃም ግንድ በበሬ ሲጎተት ያየ ያውቃል፤ መሬቱን እየቦረቦረ፣ ጉቶ እያገኘው ይቆማል። ጎታታ የምንለውም ሥራ የማይፈጥንለትን ነው። ግንድ ይጎተታል፤ ልጓም ይሳባል። የእርስዎ ክር እንደ ልጓሙ መወጠር አለበት፤ ከላላ ዘንጉ ውስጥ ይጣመምና ጥንካሬው ይጎድላል።

«ስበት» ብቻውን ደግሞ የመሬት ስበትን ይጠራብናል። ስለዚህ «ስበተ ቅርጽ» እላለሁ። ግእዙ በዛ የሚል ይኖራል፤ ለእኔ ጆሮ ይጥማል።

«ቃጫ» ማለትዎን ወድጄዋለሁ፤ ጅራፍ የገመደ ልጅ ሁሉ የሚያውቀውን ቃል ይዞ «ፋይበር» ማለት ምን ይጠቅማል? ለተማሪዎችዎ ሸማኔን ያስታውሷቸው። ዘንጉ ውስጥ የተዘረጋው ክር ድር ነው፤ ማግ ከሌለው በርዝመቱ ይጠነክራል፣ በጎኑ ይደክማል። ለዚህ ነው ምንጣፍ መሳይ የቃጫ ንጣፍ አብሮ የሚገባው።

የተበላሸ መኪና በገመድ ታስሮ ሲሄድ ጉተታ መባሉን አልክድም፤ ቃሉ ጋራዥ ከገባ ቆይቷል፣ ተማሪዎችዎም ከዚያ ለምደውታል። ፈተና ላይ «ጉተታ» ብሎ የጻፈ ነጥብ አይቀነስበት። ሰሌዳው ላይ ግን «ስበተ ቅርጽ» ብለው ይጻፉልኝ።