ዳንቪል ላይ ቤት ለምን ረከሰ?

በቅርቡ አንድ ልጅ ከቅዳሴ በኋላ ያዘኝ። «ጋሼ፣ ሥራዬ ሪሞት ነው፣ ከቤት ሆኜ ነው የምሠራው። እዚህ አሌክሳንድሪያ ኪራይ ጨረሰኝ። ዳንቪል ላይ ግን ደህና ቤት በርካሽ አየሁ። ገብቼ ልግዛ?» አለኝ። «ላስብበትና እነግርሃለሁ» ብዬው ሄድኩ። ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። እሱ የጠየቀኝ ስለ ቤት ነው። የእኔ ሐሳብ ግን እዚያው ዳንቪል ወደማውቃት አንዲት ሴት ሄዶ ቀረ። ለእሱ ከምመልስለት ለሁላችሁም ብጽፈው ይሻላል ብዬ ነው። አሌክሳንድሪያም ዳንቪልም እዚህ አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ግዛት ውስጥ ናቸው፤ አሌክሳንድሪያ ሰሜን፣ ዋሽንግተን ጎን ነው፣ ዳንቪል ደቡብ ጫፍ ላይ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጆቹ ነው።

የዶት ኮሙ፣ የኢንተርኔት ኩባንያዎቹ ግርግር ሲፈነዳ እዚህ ሰሜን ቨርጂኒያ ኔትወርክ ነበር የምሠራው። ሥራ ቀዘቀዘ። አንድ ኮንትራክተር ከፋብሪካ ለተሰናበቱ ሰዎች ኮምፒውተር የሚያስተምር ሰው ፈልጎ ወደ ደቡብ ላከኝ። ሩት 29ን ይዛችሁ፣ ቻርለትስቪልንና ሊንችበርግን አልፋችሁ፣ አራት ሰዓት ያህል ስትነዱ ዳን ወንዝ ላይ ትደርሳላችሁ። ከወንዙ ማዶ ብዙም ሳትርቁ ኖርዝ ካሮላይና ነው። ከተማው በጡብ የተሠሩ ግዙፍ ፋብሪካዎች ነበሩት። ዳን ሪቨር የሚባለው የጨርቃ ጨርቅ ኩባንያ በ1882 ተቋቁሞ የከተማውን ግማሽ ሲያበላ የኖረ ነው። በ2006 ጨርሶ ተዘጋ። እኔ በሄድኩበት ጊዜ ግን በአካባቢው የሥራ ስንብት እንደ ዝናብ ነበር የሚወርደው።

ክፍል ስገባ ተማሪዎቼ እየጮሁ ያወራሉ። መጀመሪያ የተጣሉ መስሎኝ ነበር። ትንሽ ቆይቶ ነው የገባኝ። የሽመና ማሽን ሥር ዕድሜ ልኩን የቆመ ሰው ጆሮው ይደክማል። ከንፈር እያየ ማውራት ይለምዳል። እኔ ደግሞ ባሕር ዳር ነው ያደግኩት። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካችን በጣሊያን የጦር ካሣ የተሠራው ነው። ፖሊ ስማር ሽመና ክፍሉን አይቼዋለሁ። ደርሳችሁ ስትወጡ ጆሯችሁ ውስጥ ማሽኑ አብሯችሁ ወደ ቤት ይሄዳል። ስለ ባሕር ዳር ከጀመርኩ አላቆምም፣ ልተወው።

ሴትዮዋ በእኔ ዕድሜ ነበረች። ስሟን አልጽፍም። ሸማኔ ናት፣ ግን ማሽኗ ሲቆም መካኒክ የማትጠብቅ ሸማኔ። እኔ ከክፍል በፊት ኮምፒውተሮቹን ሆን ብዬ አበላሽ ነበር። የአንዱን ሚሞሪ አላላለሁ፣ የአንዱን ገመድ እነቅላለሁ፣ አንዱ ላይ ያረጀ ፋን እገጥማለሁ። ሌሎቹ መጽሐፉን ገልጠው በተራ ቁጥር ይሄዳሉ። እሷ መዳፏን ሳጥኑ ላይ ታሳርፋለች። ዝም ትላለች። ከዚያ «ፋኑ ነው፣ ተጣብቆ ሊቆም ነው» ትላለች። ትከፍተዋለች። ፋኑ ነው። ስንት የኮሌጅ ምሩቅ አይቻለሁ፣ እንደዚያ ያለ እጅ ግን አላየሁም። ብልሽት ስትፈልግ ግምት አታውቅም። ድሩ የት እንደተበጠሰ እንደምትፈልግ ከአንድ ጫፍ ጀምራ ትመጣለች።

ኮርሱ ሊያልቅ ሲል ቀርታ ጠበቀችኝ። «ይህን ተምሬ እዚህ ማን ይቀጥረኛል?» አለች። እውነቱን ለመናገር አንድ ሆስፒታል፣ ትምህርት ቤቶቹ፣ ማዘጋጃ ቤቱ ነበሩ። እነሱም ሰው አላቸው። «ወደ ሰሜን ነይ፣ የኢንተርኔት ኩባንያዎቹ ያሉበት አሽበርን ላይ እንዳንቺ ያለ ሰው ይፈለጋል» አልኳት። እርሳስ አወጣች። የሰጠኋቸው ወረቀት ጀርባ ላይ መደመር ጀመረች። ቤቷ ዕዳ የለበትም። ግን ሠፈሩ ሁሉ በአንድ ጊዜ ሊሸጥ ወጥቷል፣ ገዢ የለም። ቢሸጥ እንኳ እዚህ ሰሜን የፌርፋክስ ኪራይ ምን ያህል ጊዜ እንደሚያኖራት አሰላች። ከአንድ ዓመት አላለፈም። ከዚያ የእናቷን ስም ጻፈችና ከሥሩ መስመር አሰመረችበት። ከውጭ በሚገባ ዕቃ ውድድር ሥራ ላጣ ሰው የዕቃ ማጓጓዣ ድጎማ እንደነበረ ነገርኳት። «መኪናውን ይከፍላሉ። ኪራዩን ማን ይከፍላል?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ሰርተፊኬቷን ወሰደች። በኋላ ስሰማ ሱፐርማርኬት ካሸር ሆናለች።

ይህ ነገር እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ጥፋቱ የእሷም የእኔም አይደለም፣ ግን ይቆጨኛል። እውቀቱ እጇ ላይ ነበር። እውቀቱን የሚገዛው ገበያ ደግሞ እዚያው ግዛት ውስጥ ነበር። ከመኪና መንገድ በቀር በመካከላቸው ምንም አልነበረም።

አሁን ወደ ጥያቄው። ሰሜኑ እንዲህ የፈላው ሰሜናዊው ስለጎበዘ አይደለም። ፔንታገን፣ የመከላከያ መሥሪያ ቤቱ፣ እዚህ ነው። የኢንተርኔት አያት የሆነውን አርፓኔት ያሠራው መሥሪያ ቤት እዚሁ አርሊንግተን ተቀመጠ። ደለስ ኤርፖርት በ1962 ተከፈተ፣ ዙሪያው ባዶ የእርሻ መሬት ነበር። በ1992 እዚሁ ሰሜን ታይሰንስ ላይ ኔትወርኮች እርስ በእርስ የሚገናኙበት ጣቢያ ተቋቋመ። ኋላ ላይ ቤቱ ምን እንደነበር ታውቃላችሁ? ፓርኪንግ ጋራዥ ውስጥ የታጠረ ክፍል። የእኛ ሰው ዋሽንግተን ዙሪያ ፓርኪንግ ቲኬት ሲቆርጥ ከዓለም ኢንተርኔት ብዙው በአንዱ ጋራዥ ግድግዳ ውስጥ ያልፍ ነበር። ሳስበው ያስቀኛል። ኤኦኤል የሚባለው የኢንተርኔት ኩባንያ በ1996 ደለስ ገባ። ገመዱ ባለበት ገመድ ፈላጊው መጣ፣ እሱን ተከትሎ ባለሙያው መጣ፣ ባለሙያው ስላለ ሌላው ኩባንያ መጣ። አሽበርንና ደለስ ያሉበት ላውደን ካውንቲ በ1990 86 ሺህ ያህል ሰው ነበረው፣ በ2020 ወደ 421 ሺህ ተጠጋ። ዳንቪል በዚያው ጊዜ ከ53 ሺህ ወደ 42 ሺህ ተኩል ወረደ። አንድ ገዥ፣ አንድ ምክር ቤት፣ አንድ ባንዲራ ነው ያላቸው።

ግዛቱ ዝም ብሎ አየ ማለቴ አይደለም። ከትምባሆ ኩባንያዎች ጋር በተደረገው የ1998ቱ ስምምነት ከመጣው ገንዘብ ተቆርጦ በደቡቡ ፋይበር፣ ፈጣን የኢንተርኔት መስመር፣ ተቀበረ። ፋይበሩ ሥራ ያመጣል ተባለ። ማይክሮሶፍትም እዚያው ደቡብ ቦይድተን ላይ ዳታ ሴንተር፣ በኮምፒውተር የተሞላ ሕንፃ፣ ሠራ። ደስ ይላል። ግን ዳታ ሴንተር ፋብሪካ አይደለም። ሲገነባ ከሺህ በላይ ሠራተኛ ሊኖረው ይችላል፣ ካለቀ በኋላ አንድ ትልቅ ሕንፃ ሃምሳ ሰው አካባቢ ይበቃዋል። ለካውንቲው የግብር በረከት ነው፣ ለሸማኔ ልጅ ግን የሥራ በር አይደለም። ኢኬያም በ2008 ዳንቪል ላይ የቤት ዕቃ ፋብሪካ ከፍቶ ነበር። በ2019 ዘግቶ ምርቱን ወደ አውሮፓ ወሰደው። አሁን ደግሞ ካዚኖ አላቸው። ስለ ካዚኖ አስተያየቴን ለራሴ ላድርገው።

እና ልጄ፣ ቤቱ የረከሰው ለዚህ ነው። ርካሽ ቤት ስታይ ጣሪያውን ብቻ አታስመርምር። አሠሪህ ነገ «ቢሮ ግባ» ቢልህ እዚያው ከተማ ውስጥ ሌላ ማን እንደሚቀጥርህ ቆጥረህ እወቅ። ከሦስት በታች ከሆነ ተከራይተህ ሞክረው። የሚስትህ ሙያ ነርስነት ነው ብለኸኛል፣ እሷ የትም አትቸገርም። የሚያሳስበኝ አንተ ነህ።

ግን ዳንቪልን እንደ ድሃ ዘመድ አትዩት። እኛስ ስንት አሠሪ አለን? ፎቁ ላይ ያለው ስም ይለያያል እንጂ ብዙው ገንዘብ የሚመጣው ከአንድ ኪስ ነው፣ ከፌዴራል መንግሥት። በ2013 የበጀት ቅነሳ ሲመጣ አየነው። በ2025 መሥሪያ ቤቶች ሲበተኑና ኮንትራት ሲሰረዝ ደግሞ ይበልጥ አየነው። ሞርጌጅ ያለባቸው፣ ሁለት ማስተርስ ያላቸው ሰዎች ስልክ እየደወሉልኝ «ጋሼ፣ ሰው ታውቃለህ?» ይሉኝ ነበር። አነጋገራቸው ያችን ሴት አስታወሰኝ።

የዛሬ ልጆች ላይ አንድ የማይገባኝ ነገር አለ። ሰርተፊኬት እንደ ቴምብር ትሰበስባላችሁ። ሴኪዩሪቲ ፕላስ የሚባለውን የኮምፒውተር ደኅንነት ሰርተፊኬት ይዛችሁ፣ የተበላሸ ራውተር ቢሰጣችሁ ዩትዩብ ትከፍታላችሁ። ወረቀት ማንንም ባለሙያ አያደርግም። ይህን ካልኩ በኋላ ግን፣ ክሊራንስ፣ የመንግሥት ምስጢር ለማየት የሚሰጠውን ፈቃድ፣ የሚያስወጣ ሥራ ከመጣላችሁ አትለፉት። እሱም ወረቀት ነው፣ አውቃለሁ። እዚህ አገር ግን እንጀራ ነው። እንግሊዝኛ ተማሩ፣ ሬዙሜ አስተካክሉ የሚለውን አልደግምም፣ ያንን ዩትዩብም ይነግራችኋል።

በእጅ መሥራትን የምትንቁም አላችሁ። ዳንቪል ላይ አሁን ለባሕር ኃይል ሰርጓጅ መርከብ የሚሠሩ ሰዎችን የሚያሠለጥን ማዕከል አለ። በ2021 ነው የጀመረው። ብየዳ፣ በኮምፒውተር የሚታዘዝ የብረት ቆረጣ፣ የጥራት ልኬት በ16 ሳምንት ያስተምራል፣ ክፍያ የለውም። ያቺ ሸማኔ ዛሬ ወጣት ብትሆን መዳፏን ይዛ በቀጥታ የምትገባበት ቦታ ነው። ሁለት የአክስቴን ልጆች እንዲያመለክቱ እየጎተጎትኳቸው ነው፣ አንዱ «ጋሼ፣ ብየዳ?» ብሎ ሳቀብኝ። ልታውቁት የሚገባው ግን መርከቦቹ የሚሠሩት ዳንቪል አይደለም። የመርከብ ፋብሪካዎቹ ያሉባቸው ኒውፖርት ኒውስና ኮነቲከት ያለችው ግሮተን ነው። የሠለጠነው ልጅ ሻንጣውን ይዞ ወደዚያ ይሄዳል። ከተማው አሁንም የሚያስተምረው ለሌላ ከተማ ነው።