አዲሱ ስፖርት መኪናና አሮጌው ማስል ካር (ባለ ትልቅ ሞተር የድሮ አሜሪካ መኪና) በአንድ ጋራዥ፦ የአንባቢያን ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ ባለ 289 ኪዩቢክ ኢንች ሞተር የ1966 ፎርድ ሙስታንግ አለኝ። ካምቢዮው ባለ አራት ማርሽ፣ ፍሬኑ በአራቱም እግር ታምቡር ነው። በቅርቡ አዲስ ስፖርት መኪና ገዛሁና ከዚያ ወዲህ ሙስታንጉ ሰነፍ ሆኖ ይታየኛል። ካርቡራቶሩን በኢንጀክሽን ልቀይር፣ ዲስክ ፍሬን፣ ጠንካራ ሞላና ባለ አምስት ማርሽ ካምቢዮ ላስገባ አስቤያለሁ። ይመከራል?

መልስ፦ መፍቻ ከማንሳትዎ በፊት ትንሽ ይታገሱ። የፍጥነት አምሮትዎን የሚያወጣልዎት አዲስ መኪና እያለ ሙስታንጉ መሮጥ ግዴታው አይደለም። ሁለቱን አብሮ የመያዝ ትልቁ ጥቅም ይኸው ነው፤ አሮጌው እንደተሠራ ሆኖ መኖር ይችላል። ያሰቡትን ሁሉ ቢገጥሙለት አዲሱን የማይደርስበት፣ ከራሱም የራቀ ሦስተኛ መኪና ይሆንብዎታል።

ፍሬኑ ግን ከዚህ ምክር ውጭ ነው። እስከ 1966 የተሠሩት ሙስታንጎች ማስተር ሲሊንደር (ርግጫዎን ወደ ፍሬን ዘይት ግፊት የሚቀይረው) አንድ ክፍል ብቻ ነው ያለው። አንዲት የፍሬን ቱቦ ብትፈነዳ አራቱም እግር ፍሬን ያጣል። ከ1967 ሞዴል ጀምሮ የፊቱና የኋላው ተለያይተዋል። ስለዚህ ባለ ሁለት ክፍል ማስተር ሲሊንደር ይግጠሙለት። ሲገጥሙ የፊቱንና የኋላውን ቱቦ መለየት አይርሱ፤ ሁለቱን የሚያገናኘው አሮጌው ማከፋፈያ እንዳለ ከቀረ ሥራው ከንቱ ነው። አዲሱን ሲሊንደር መኪናው ላይ ከማሰርዎ በፊት ጠረጴዛ ላይ በሞርሳ ይዘው አየሩን ያስወጡለት። ከዚያ ከሲሊንደሩ በጣም ከሚርቀው እግር ጀምረው አየር ያስወጡ፦ መሪው በግራ ከሆነ ቀኝ ኋላ፣ ግራ ኋላ፣ ቀኝ ፊት፣ ግራ ፊት።

የፊቱን ወደ ዲስክ ለመቀየር ከወሰኑ ለታምቡር የተሠራ ማስተር ሲሊንደር አይጠቀሙ። ብዙዎቹ ውስጣቸው ወደ 10 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ግፊት ይዞ የሚያስቀር ቫልቭ አላቸው። ለታምቡር ጥሩ ነው፤ ዲስክ ላይ ግን ሸራው ፔዳሉ ከተለቀቀም በኋላ ዲስኩን እንደነካ ይቀራል፣ ይግላል፣ መጨረሻ ላይ የፍሬን ዘይቱ ይፈላል። ለኋላው ደግሞ ግፊት የሚቀንስ ቫልቭ ያስፈልጋል፤ አለዚያ በኃይል ሲይዙ የኋላው እግር ቀድሞ ይቆለፋል።

ካምቢዮውን ረጅም መንገድ የሚሄዱ ከሆነ ብቻ ይቀይሩ። የዲፈረንሻሉ የማርሽ ምጣኔ 3.50 ከሆነ በአራተኛ ማርሽ በሰዓት 105 ኪሎ ሜትር ሲነዱ ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ዙር ገደማ ይዞራል። የአምስተኛው ማርሽ ምጣኔ 0.68 ቢሆን ወደ 2,000 ይወርዳል። የጆሮም የነዳጅም እፎይታ ነው፤ አካሉን ሳይቆርጡ ከተገጠመ ደግሞ ነገ የቀድሞውን መመለስ ይቻላል።

ሰነፍ ሆኖ የታየዎት ግን በእርግጥ ሰንፎ ሊሆንም ይችላልና አስቀድመው ፑንቲናውን፣ ማለትም ዲስትሪቢውተሩ ውስጥ እየተከፈተ እየተዘጋ የካንዴላውን እሳት የሚያስነሳውን መገናኛ፣ ይዩ። ሞተሩን በእጅ እያዞሩ የፑንቲናውን እግር የዲስትሪቢውተሩ ካም ጫፍ ላይ ያድርሱትና ክፍተቱን በስፔሶር (ስስ የብረት መለኪያ) ይለኩ፤ 0.43 ሚሊ ሜትር ገደማ መሆን አለበት። እግሩ እየተበላ ሲሄድ ክፍተቱ ይጠብባል፣ እሳቱም ይዘገያል፤ መኪናው ቀስ በቀስ ስለሚደክም ባለቤቱ አይታወቀውም። ክፍተቱን ካስተካከሉ በኋላ የእሳቱን ሰዓት እንደገና መለካት ግድ ነው፤ አንዱ ሲነካ ሌላው ይዛነፋል።

ጥያቄ፦ ሳምንቱን አዲሱን ስነዳ ሰንብቼ የ1969 ዶጅ ቻርጀር መኪናዬን ሳወጣ መንገዱ እርጥብ ነበር። ፍሬን ስይዝ የፊት ጎማው ተቆልፎ መሪውን ብጠመዝዝም ቀጥ ብሎ ሄደ። ፍሬኑ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ፍሬኑ ሳይበላሽም ይህ ይደርሳል። አዲሱ መኪና ላይ ጎማ ሊቆለፍ ሲል ኤቢኤሱ (ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከለው ሥርዓት) በሰከንድ ብዙ ጊዜ ግፊቱን ይለቃል፤ እግርዎም በሙሉ ኃይል መርገጥ ለምዷል። ቻርጀሩ ላይ ያንን የሚሠራው እግርዎ ነው። በዚያ ላይ ታምቡር ራሱን ያጠብቃል፤ መዞሩ ራሱ ሸራውን ስቦ ከታምቡሩ ጋር ስለሚያጣብቀው ትንሽ የጨመሩት ርግጫ በአንዴ ብዙ ይሆናል።

የተቆለፈ የፊት ጎማ አቅጣጫ አይቀይርም። ስለዚህ መሪውን ከመጨመር ይልቅ ፔዳሉን ጎማው እስኪዞር ድረስ ብቻ ላላ ያድርጉ፣ ይታጠፉ፣ ከዚያ እንደገና ይጫኑ። መኪናውን ባወጡ ቁጥር ባዶ መንገድ ላይ በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሦስት አራት ጊዜ፣ በየጊዜው ትንሽ እየጨመሩ ፍሬን ይያዙ። እግርዎ የፔዳሉን ልክ ያስታውሳል፤ ወደ አንድ ጎን የሚጎትት ከሆነም ያኔ ይታወቃል። ኩሬ ውስጥ ካለፉ በኋላ ነዳጅ ሳይለቁ በግራ እግርዎ ፔዳሉን ለጥቂት ሰከንድ በስሱ ይጫኑ፤ ሸራው ይደርቃል። ረጅም ቁልቁለት ላይ ደግሞ በማርሽ ይያዙት። ታምቡር ሲግል ይሰፋል፣ ከሸራው ይርቃል፣ ፔዳሉም ወደ ታች ይሰምጣል።

መሪውና ነዳጁም እንዲሁ ልማድ ይፈልጋሉ። አሮጌው መሪ መሐል ላይ ትንሽ ልል ነው፤ እያንዳንዷን ክፍተት ልሙላ ብለው ወዲያ ወዲህ ካሉት መኪናው ይዋዥቃል። ቀለል አድርገው ይዘው ቀድመው መታጠፍ ይጀምሩ። ኩርባ ውስጥ ነዳጅ በድንገት አይርገጡ፤ የጎማ መንሸራተትን የሚገታ ኮምፒውተር የለም። ከቆመበት በኃይል ሲነሱ ከኋላ ድብድብ የሚል ድምፅ ከተሰማዎት ባሌስትራው በጉልበቱ ተጣሞ እየተመለሰ አክስሉን እያዘለለው ነውና ወዲያው ይልቀቁ፤ ክሮቼራ (የማስተላለፊያው ዘንግ መገጣጠሚያ) የሚሰበረው ያን ጊዜ ነው።

ወደ አዲሱ ሲመለሱም ጥንቃቄ አይለይዎት። የሰመር ጎማ የተገጠመለት ከሆነ ቅዝቃዜው ከ7 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ሲወርድ ጎማው ይደርቅና አይይዝም፤ ያን ቀን በጉልበቱ አይተማመኑ።

ጥያቄ፦ ለሁለቱም አንድ ዓይነት ጥሩ ዘይት ብጠቀም ምን ችግር አለው?

መልስ፦ አሮጌውን ይጎዳል። በማስል ካር ዘመን የነበሩት ቪ8 ሞተሮች ከሞላ ጎደል ሁሉም ቫልቭ የሚገፋው ታፔት ጠፍጣፋ ነው፤ ካሙ (ቫልቭ የሚከፍተው የካምሻፍት ጉብታ) በቀጥታ ይፈገፍገዋል። በዚያች ጠባብ ቦታ ብረት ከብረት እንዳይገናኝ የሚያደርገው በዘይቱ ውስጥ ያለው የዚንክና የፎስፈረስ ውህድ ነው። ፎስፈረስ የአዲስ መኪና ካታሊስት (ጭሱን የሚያጠራውን ክፍል) ስለሚጎዳ እንደ 5ደብልዩ-30 ባሉት የዛሬ ዘይቶች መጠኑ ከ800 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 800 እጅ) እንዳያልፍ ተገድቧል። ለአሮጌው 1,200 ፒፒኤም ገደማ ዚንክ ያለው፣ ለጠፍጣፋ ታፔት የተሠራ ዘይት ይግዙ። ዚንኩ የተሟላ ዘይት ላይ ሌላ ማጠናከሪያ አይጨምሩ፤ ሲበዛም ጉዳት አለው። አዲሱ ላይ የመመሪያ መጽሐፉ የሚለውን ብቻ።

ካምሻፍቱ አዲስ ከሆነ ከመጀመሪያው ማስነሳት ጀምሮ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ድረስ በ2,000 እና 2,500 ዙር መካከል ያቆዩት። ሚኒሞ ላይ አይተዉት፤ ካሙ ዘይት የሚያገኘው ከኮሎው (የሞተሩ ዋና ዘንግ) በሚረጨው ነውና ዝግ ያለ ሞተር በቂ አይረጭለትም።

ጥያቄ፦ ሁለቱም አንዳንዴ ወር ሙሉ ይቆማሉ። በየሳምንቱ ለአሥር ደቂቃ አስነሳቸዋለሁ። ይበቃል?

መልስ፦ ይህን ቢተዉት ይሻላል። በአሥር ደቂቃ ዘይቱ ስለማይግል ሞተሩና ማርሚታው ውስጥ የተጠራቀመው ውሃ አይተንም፤ ዝገት ይሆናል። ወይ አውጥተው ግማሽ ሰዓት ይንዱ፣ ወይ ጭራሽ አያስነሱ።

አዲሱ መኪና ቆሞም ባትሪ ይበላል። 50 ሚሊ አምፔር ቢስብ በቀን 1.2 አምፔር ሰዓት፣ በወር 36 ይሆናል፤ ይህ ከ60 አምፔር ሰዓት ባትሪ ከግማሽ በላይ ነው። ሲሞላ ራሱን የሚቆጣጠር የባትሪ ቻርጀር ሰክተው ይተዉት። ለአሮጌው ኔጋቲቩን መፍታት ይበቃል፤ ሲፈታ መጀመሪያ፣ ሲታሰር መጨረሻ።

ጥያቄ፦ አሮጌው ሁለት ሳምንት ከቆመ በኋላ ሞተሪኖው ብዙ ካዞረ በኋላ ነው የሚነሳው።

መልስ፦ ካርቡራቶሩ ውስጥ የነበረው ቤንዚን ተንኗል። ነዳጅ ሳይረግጡ አሥር ሰከንድ ያዙሩት፣ ሞተሪኖው እንዲበርድ ትንሽ ያርፉ፣ ይድገሙት፤ ሜካኒካል የነዳጅ ፓምፑ ሳህኑን ይሞላል። ከዚያ ፔዳሉን አንዴ እስከ ታች ረግጠው ይልቀቁና ያስነሱ። ርግጫው ቾኩን ይዘጋል፣ ጥቂት ቤንዚንም ይረጫል። ደጋግመው ቢረግጡ ካንዴላው ይርሳል።

ጥያቄ፦ አሮጌው በወረቀት 365 የፈረስ ጉልበት አለው፤ ያንኑ ያህል ካለው አዲስ መኪና ጋር ለምን አይተካከልም?

መልስ፦ አለካኩ ስለተለያየ ነው። እ.ኤ.አ. እስከ 1971 በአሜሪካ የሚጻፈው ቁጥር ሞተሩ ብቻውን፣ ያለ ማርሚታ፣ ያለ አየር ፊልትሮና ያለ ዲናሞ ጭነት የተለካ ነበር። ከ1972 ጀምሮ መኪናው ላይ እንደሚገጠመው ሆኖ ይለካል። የሼቭሮሌት 454 ኤልኤስ5 ሞተር በ1971 በሁለቱም መንገድ ተገልጿል፦ በአሮጌው 365፣ በአዲሱ 285። የእርስዎም መኪና ይኸው ሞተር ካለው ከአዲሱ ጋር የሚያነጻጽሩት 285ን ነው።