ለበራሪ ወፍ ባለ ሦስት እግሩ ትራይፖድ ወይስ ባለ አንድ እግሩ ሞኖፖድ?

ጥያቄ፦ ፍልውሃ አካባቢ የሚያንዣብቡትን ጭልፊቶች በ150-600 ሚሊሜትር ሌንስ ሳነሳ ክንዴ ይዝላል። ቦል ሄድ (ካሜራውን በኳስ ላይ ወደ ሁሉም አቅጣጫ የሚያዞር አናት) ያለው ትራይፖድ ልግዛ?

መልስ፦ ቦል ሄዱ ይቅርብዎ። ኳሱን ሲያላሉት 2 ኪሎ ገደማ የሚመዝነው ሌንስ ወደ ጎን ይደፋል፤ ሲያጠብቁት ወፉ ያመልጥዎታል። ለዚህ ሥራ የሚሆነው ጊምባል፣ ማለትም ከባድ ሌንስን ሚዛኑን ጠብቆ ወደ ጎንም ወደ ላይና ታችም የሚያዞር አናት ነው፤ እሱም ሚዛኑ ከተስተካከለ ብቻ። ሌንሱን ከሥሩ ባለው በራሱ እግር ጊምባሉ ላይ ይግጠሙት፤ ከዚያ ማጠበቂያውን ያላሉና አግድም ይልቀቁት፣ እጅዎ ግን ከሥሩ አይራቅ። የሌንሱ አፍንጫ ካዘቀዘቀ ወደ ኋላ፣ ካሜራው ካዘቀዘቀ ወደ ፊት ያንሸራትቱት። ዘንበል አድርገው ሲለቁት መውደቁን ከቀጠለ ከፍ ብሎ ታስሯልና ዝቅ ያድርጉት። የትራይፖዱ አናት ካልተስተካከለ ደግሞ ካሜራውን ሲያዞሩ አድማሱ ይጋደማል።

የመሀል ከተማ የእግረኛ መንገድ ላይ ግን ሦስት እግር ዘርግቶ መቆም ሰው ማደናቀፍ ነው። እዚያ ሞኖፖድ ይበቃል፤ ወደ ላይና ወደ ታች ብቻ የሚታጠፍ አናት ይግጠሙለት፣ አለዚያ ዱላው ራሱ አብሮ ይጋደማል። ጭልፊቱ አናትዎ ላይ ሲደርስ ሁለቱም አይረዱም፤ ፈትተው በእጅ ያንሱ። ሹተሩ (ካሜራው ለብርሃን ተከፍቶ የሚቆይበት ጊዜ) ከ1/2000 ሰከንድ አይዘግይ፤ ክንፉ ከደበዘዘ ጥፋቱ የትራይፖዱ አይደለም።