ውድ ወይን ጉበትን ይምራል?

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 47 ነው፤ ሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ እሠራለሁ። ዓርብ ዓርብ ከጓደኞቼ ጋር 15 በመቶ አልኮል ያላቸውን ቀይ ወይኖች እየቀመስን እናወዳድራለን። በሌሎቹ ምሽቶች ቤቴ ግማሽ ጠርሙስ እጠጣለሁ፤ የደመወዜ ሲሶ ለዚሁ ይወጣል። ውድ ወይን ጉበት አይጎዳም፣ ቀይ ወይንም ደም ይሆናል ይባላል። እውነት ነው? ጨጓራዬን ስለሚያቃጥለኝ ኦሜፕራዞል እየገዛሁ መዋጥ ከጀመርኩ ዘጠኝ ወር ሆነኝ። አባቴ የሞተው በጉበት በሽታ ሆዱ አብጦ ነው።

መልስ፦ ወንድሜ፣ የጠየቁኝ ስለ ዋጋ ነው፤ እንቅልፍ የነሳዎት ግን የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ትመስለኛለች። የአባትዎ ሕመም የእርስዎ ዕጣ ነው ማለት አይደለም። ጉበትን የሚያጠፋው መጠጥ ብቻ አይደለም፤ ሄፓታይተስ ቢ በአገራችን ብዙ ሰው ላይ ይገኛል፣ በቤተሰብ ውስጥም ይተላለፋል። በደም ምርመራ ይታወቃል፤ ከሌለብዎት ክትባት አለው። በመጠጥ ምክንያት ጉበት ላይ የተከማቸ ስብም መጠጡ ሲቆም በሳምንታት ውስጥ መቀነስ ይጀምራል።

ዋጋውን በአጭሩ ልለፈው። የከፈሉት ለበርሜሉ፣ ለማጓጓዣውና ለቀረጡ ነው፤ አልኮሉ ያው አልኮል ነው። ባለ 15 በመቶው አንድ ጠርሙስ 89 ግራም ያህል ንጹሕ አልኮል ይዟል፤ ይህ ወደ ሰባት ጠርሙስ ቢራ ይጠጋል። በሙያው የሚቀምሱ ሰዎች አጣጥመው ይተፉታል። እናንተ እንደማትተፉት እገምታለሁ።

አሁን ወደ “ደም ይሆናል”። ይህን አባባል ስሰማ ሃያ ዓመት ሆነኝ፤ አሁንም ያናድደኛል። አንዲት አራስ ቤተሰቦቿ ማታ ማታ ቀይ ወይን ሲያጠጧት ከርመው ወደ እኔ አመጧት። የዓይኗን የታችኛውን ቆብ ዝቅ ባደርገው እንደ ነጠላ ነጭ ነው። የሚያስፈልጋት የአይረን ክኒን ነበር። የወይኑ ቅላት የመጣው ከፍሬው ልጣጭ ነው፤ መቅላት ደም የሚሆን ቢሆን ኖሮ በርበሬያችን ብቻ በበቃን። እንዲያውም ምላስዎን የሚያደርቀው ታኒን፣ ልክ እንደ ሻይ፣ ከምግብ የምናገኘው አይረን ወደ ሰውነት እንዳይገባ ይይዘዋል። አልኮል ሲበዛ ደግሞ ደም የሚሠራውን መቅኔ ያዳክማል፣ ጨጓራንም ያቆስላል። የቆሰለ ጨጓራ ይደማል። ደም ፍለጋ ጠጥተው ደም የሚያፈሱ ሰዎችን አክሜያለሁ።

ዘጠኝ ወር ኦሜፕራዞል ደግሞ ምን የሚሉት ነው? ልጅ ተጸንሶ የሚወለድበት ጊዜ እኮ ነው! መድኃኒቱ ቃጠሎውን ያስታግሳል እንጂ ከሥሩ ቁስለት ወይም የከፋ ነገር መኖሩን አይነግርዎትም። ሰገራዎ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ወይም ደም ካስመለስዎት ቀጠሮ አይጠብቁ፤ ጥቁር አንበሳ ከሥራ ቦታዎ ሩቅ አይደለም፣ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ይግቡ። ይህ ምልክት ከሌለ አይደንግጡ፤ ጨጓራን የሚያቆስለው ባክቴሪያ፣ የኤች ፓይሎሪ ምርመራ፣ ምናልባትም ኢንዶስኮፒ (ጨጓራን ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ ማየት)፣ የሚሻውን ያሳያል።

አንድ ጥያቄ ግን እኔም አለኝ። ጠዋት ከመጠጣትዎ በፊት እጅዎ ይንቀጠቀጣል? አዎ ከሆነ በራስዎ ውሳኔ በአንድ ቀን አያቁሙ፤ የሚጥል በሽታ የመሰለ መንዘፍዘፍ ሊያመጣ ስለሚችል በሐኪም ክትትል ይሁን። ካልሆነ ዛሬ ማታ ጠርሙሱን አይክፈቱ። በዚህ ሳምንት ውስጥ የጉበትና የሄፓታይተስ ምርመራ ያድርጉ፣ የሚውጡትን ክኒን ማሸጊያም ይዘው ይሂዱ።