«የዲኤንኤ ማሻሻያ» ስንል ምን ተሻሻለ?

ጥያቄ፦ ሽንት ውስጥ ባለ ዲኤንኤ ካንሰርን ስለሚለይ ምርመራ ለታካሚዎች የሚሰጥ በራሪ ጽሑፍ እየተረጎምኩ ነው። በእንግሊዝኛ DNA modification markers እና non-invasive test የሚሉትን «የዲኤንኤ ማሻሻያ ጠቋሚዎች» እና «ወራሪ ያልሆነ ምርመራ» ብል ያስኬዳል?

መልስ፦ «ጠቋሚ» ይቆይ፤ ሌሎቹ አያስኬዱም።

«ማሻሻል» ከ«ተሻለ» ጋር አንድ ዘር ነው፤ የተሻሻለ ነገር ከቀድሞው በልጧል። ካንሰር ውስጥ ግን ዕጢን የሚከላከሉ ጂኖች ብዙ ጊዜ የሚዘጉት በዚሁ «ማሻሻያ» ነው! «ለውጥ»ም ብቻውን ያሳስታል፤ አንባቢ ሚውቴሽን ይመስለዋል። በሚውቴሽን የዲኤንኤው ፊደል ራሱ ይቀየራል። እዚህ ግን ፊደሉ እንዳለ ሆኖ ሜቲል የምትባል፣ አንድ ካርቦንና ሦስት ሃይድሮጅን ያላት ቅንጣት ሳይቶሲን በሚባለው የዲኤንኤ ፊደል ላይ ትለጠፋለች። «ገና»ን ያስቡ፦ «ና» ሲላላ «እስካሁን»፣ ሲጠብቅ በዓሉ። ፊደሉ ያው ነው፤ የሚለየው የሰዋስው መጻሕፍት ከላዩ የሚያኖሩት የማጥበቂያ ነጥብ ነው።

ስለዚህ «የዲኤንኤ ኬሚካዊ ልጥፍ» እላለሁ። ቃሉን ማኅበራዊ ሚዲያ ወስዶታል፤ ቢሆንም ነገሩን በትክክል ይገልጻል። ስለ ሜቲል ብቻ ከሆነ «ሜቲሌሽን» ይበቃል።

የላቦራቶሪውን ሥራ ሲያብራሩ ደግሞ ችግሩ ይብሳል። ዲኤንኤው ባይሰልፋይት በሚባል ኬሚካል ሲታከም ልጥፍ የሌለው ሳይቶሲን ዩራሲል ወደሚባል ሌላ ፊደል ይለወጣል፣ ያለው ባለበት ይቀራል። «ለውጥ»ን ለሁለቱም ካዋሉት «ለውጥ ያለው ሳይቶሲን አይለወጥም» ብለው ቁጭ ይላሉ። «ለውጥ»ን ለኬሚካሉ ሥራ ብቻ ያስቀሩት፤ ያኔ «ለውጡ ሳይጠናቀቅ ከቀረ ልጥፍ የሌለው ልጥፍ ያለው መስሎ ይነበባል» የሚለው ማስጠንቀቂያም ግልጽ ይሆናል።

«ወራሪ» ጦር ነው፣ ቢበዛ አረም። «ያለ መርፌና ያለ ቀዶ ሕክምና» ጥሩ ይመስላል፤ ግን የሽንት ፊኛ የሚታየው በሽንት ቧንቧ በሚገባ ካሜራ ያለው ቀጭን መሣሪያ ነው፤ እሱም አይወጋም፣ አይቀድም። «ወደ ሰውነት መሣሪያ ሳይገባ የሚደረግ» ቢሉ ሁሉንም ይይዛል።

«ጠቋሚ»ን የመረጥኩት «ምልክት» ታማሚው ራሱ ለሚያየው፣ ለምሳሌ ደም ለቀላቀለ ሽንት፣ ስለተያዘ ነው። «ጠቋሚ» ሰውን አሳልፎ የሚሰጥ የሚል መራራ ትርጉምም አለው፤ ለዚህ ጽሑፍ ግን አይከፋም፤ ጠቋሚ አይፈርድምና። ግሱንም «ካንሰር ሊኖር እንደሚችል ይጠቁማል» ያድርጉት። «ያረጋግጣል» የሚለው ከአካሉ ለሚቆረጥና በማይክሮስኮፕ ለሚታይ ናሙና ይቆይ።