እንቁላል ጥላ የምታጠባው እንስሳ፦ ለወሎ የባዮሎጂ ተማሪዎች

ልጆቼ፣ አብሽሩ። የፕላቲፐስ (እንቁላል እየጣለች ልጆቿን የምታጠባ የአውስትራሊያ እንስሳ) ጥያቄ ሲመጣ፣ አጥቢ ናት ወይስ አይደለችም በሚለው ላይ የሚያደናግራችሁ ከታች ክፍል ይዛችሁት የመጣችሁት «አጥቢ ይወልዳል፣ ወፍ እንቁላል ይጥላል» የሚል ሽምደዳ ነው። እሱን ለማፍረስ አውስትራሊያ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። የቆላዋ እፉኝት እንቁላል አትጥልም፤ ትወልዳለች፤ ብዙ ጊዜም ከ20 እስከ 40 ልጆች። (ሆዷን ቀደው ይወጣሉ የሚባለው ተረት ነው።) ሆኖም እፉኝትን ከላም ጋር የሚመድብ የለም። መውለድ አጥቢ ካላደረጋት፣ እንቁላል መጣልም ፕላቲፐስን ከአጥቢነት አያስወጣትም።

ታዲያ ምን እንይ? ጸጉር አላት፤ ይህ ቀላሉ ነው። ወተቱ ላይ ግን ብዙ ተማሪ ይሳሳታል፤ የጡት ጫፍ ስለሌላት አታጠባም ብሎ ይደመድማል። የወተት እጢ አላት፤ ወተቱ ከሆዷ ቆዳ ላይ ወጥቶ ጸጉሩን ያርሰዋል፣ ልጆቿም ከዚያው ይጠባሉ።

እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሳምነኝ አጥንቱ ነው። በዓል ሲደርስ ከተቀቀለ የበግ ጭንቅላት የታችኛውን መንጋጋ አንድ ጎን አውጥታችሁ እዩ፦ ከጥርሱ እስከ መገጣጠሚያው አንድ ወጥ አጥንት ነው። የዶሮ መንጋጋ ግን ከራስ ቅሉ ጋር የሚገናኘው በሌላ ትንሽ አጥንት በኩል ነው። በአጥቢዎች ይህች አጥንት ወደ መካከለኛው ጆሮ ገብታ ከሦስቱ የጆሮ አጥንቶች አንዷ ሆናለች። ዶሮ በጆሮዋ ውስጥ አንድ አጥንት ብቻ አላት። ፕላቲፐስ እንደ በጉ፣ እንደ እናንተም፣ ሦስት።

እንቁላሏስ? ርዝመቱ 17 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ሽፋኑ ለስላሳ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ትጥላለች። ጫጩት በ21 ቀን ተፈልፍላ ወዲያው ትጭራለች፤ የፕላቲፐስ ልጅ በ10 ቀን ገደማ ዕውርና ጸጉር አልባ ሆኖ ይወጣል፣ የቀረውን እድገት ከ3 እስከ 4 ወር በወተት ይጨርሳል። በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣው የዘረመል ጥናትም ይህንኑ አሳይቷል። ዶሮ የአስኳል ፕሮቲን የሚሠሩ ሦስት ጂኖች አሏት፤ ፕላቲፐስ የሚሠራ አንድ ብቻ ቀርቷታል፤ በሰው ሦስቱም ሥራ አቁመዋል። ኬዚን የተባለውን የወተት ፕሮቲን የሚሠሩት ጂኖች ግን እንደ ላም ሁሉ አሏት።

ስለዚህ በፈተና ላይ «ስለምታጠባ አጥቢ ናት» ብላችሁ አትቁሙ፤ ምክንያቱን ጨምሩ። እንቁላል መጣል አጥቢዎች ከመምጣታቸው በፊት ከነበሩ ቅድመ አያቶች የተወረሰ ጠባይ ነው፤ ወፍም አብዛኛው እባብም ስለሚጋሩት ማን ከማን እንደሚዛመድ አይለይም። ወተት፣ ጸጉርና ሦስቱ የጆሮ አጥንቶች ግን በአጥቢዎች ሐረግ ብቻ የመጡ ናቸው። የፕላቲፐስና የኤኪድና (ሌላዋ እንቁላል ጣይ አጥቢ) ዘር ከእኛ የተለየው ከ160 ሚሊዮን ከሚበልጡ ዓመታት በፊት፣ ወተትና ጸጉርን ይዞ፣ መውለድ ሳይጀመር ነው።

ርግብም ልጆቿን «ወተት» ትመግባለች የሚል ጥያቄ ሊያጠምዳችሁ ይችላል። እሱ ከጉሮሮዋ በታች ካለው የምግብ ማጠራቀሚያ ከረጢት የውስጥ ሽፋን ተልጦ የሚወጣ ምግብ ነው፤ ወንዱም ያመነጨዋል፤ የወተት እጢ የለበትም።