«ሮማ» የጣሊያኗ ሮም አይደለችም

«ሮማ ፊልም ላይ ጣሊያን የታለች? ዳይሬክተሩስ የራሱን ሕይወት ነው የሠራው?» ላልከው፦ ሮማ ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥ ያለ ሰፈር ነው። ዳይሬክተሩ አልፎንሶ ኩዋሮን ያደገው እዚያ ነው። ታሪኩ በአብዛኛው የልጅነት ትዝታው ነው፤ ግን ካሜራው የሚከተለው የቤት ሠራተኛዋን ክሊዮን ነው። እሷም የተወሰደችው እሱን ካሳደገችው ሴት ነው። ፊልሙን ያበረከተውም ለእሷው ነው፤ እኔን አንጀቴን የበላኝ ይሄ ነው።

ካሜራውንም ራሱ ነው የያዘው። በ2019 (እ.ኤ.አ.) በዳይሬክተርነትና በቀረጻ ኦስካር ወስዶበታል።

አንድ ነገር ልንገርህ፣ በስልክ እንዳታየው። እኔ መጀመሪያ በስልክ አይቼው ብዙ ነገር አመለጠኝ። ለምሳሌ በ1971 (እ.ኤ.አ.) ተማሪዎች የተገደሉበት ሰልፍ የሚታየው ከቤት ዕቃ መሸጫ ሱቁ መስኮት ባሻገር ነው።